የእጅ ጋሪውን ግፉልኝ

ውድ ኖራልባ፣

ትናንት ከሰዓት በኋላ መልኩን አይቼው የማላውቅ ሰው ጋ ደውዬ የእጅ ጋሪ እንዲገፋልኝ ለመንኩት። ሰውዬው «ጌታዬ፣ ቁጥር ተሳስተው ይሆን?» አለኝ። እኔም አንቺ በምታውቂበት በዚያ በለሰለሰ ግን ወደ ኋላ በማይል ድምፅ፣ «አልተሳሳትኩም። ከውጭ በር ይጀምሩና እስከ መታጠቢያ ቤቱ ይግፉት። እኔ አዳምጣለሁ» አልኩት። እህትሽ ሚርታ ከወጥ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ «እህቴን መሰልክ እኮ!» ብላኝ ተመለሰች።

ነገሩ የመጣው በልጅ ልጆቼ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ዕረፍት ቡና አብቃዩ ኪንዲዮ ወዳለው የመዝናኛ ፓርክ ካልሄድን ብለው ቤቱን ቀውጢ አድርገውታል። እኔ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለሁም። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ብሎ የጠራው ሕመም እጄን ያንቀጠቅጠዋል፤ እግሬም ደፍ ላይ ሲደርስ ከመሬቱ ጋር እንደተሰፋ ቀጥ ይላል። ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው በእርጅናው ሰነፈ እንዳትዪኝ። ልጄ ዊልማር «አባዬ፣ የምንከራየው ቤት ደረጃ ቢኖረውስ ምን ቸገረህ? እንሸከምሃለን እኮ!» አለኝ። በፍቅር ነው የተናገረው፤ ፊቱ ሁሉ በርቶ ነበር። እኔን ግን ጀርባዬን በረደኝ። ያንን ቃል ስንት ጊዜ ለአንቺ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለራሴ ሲባል ሰምቼ ግን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ዕድሜዬን በሙሉ የተማሪ ሥራ በቀይ እስክርቢቶ ማረም እንጂ ማድነቅ ብዙም አልሆነልኝም። ያኔ በጉዟችን ያየሁትን ለአንቺ አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩሽም። አሁን ልንገርሽ፤ ታውቂኛለሽና በቅደም ተከተል ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ ኮቬኛስ አለ። ወንድማችሁ አርኑልፎ ባሕሩ ዳር ቤት ተከራየ፤ ለአንቺም «ነፋስ የሚገባበትን» ብሎ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ሰጠሽ። የበሬ ጭን በትከሻው እያደረገ የሚውል ሥጋ ሻጭ ነውና አንቺን ከዊልቸርሽ ማንሳት ለእሱ ጨዋታ ነበር። «አውርደኝ» ትዪዋለሽ፤ «ላባ ነሽ!» ይልሻል። ደረጃው መሃል ላይ ሆነሽ «ስቅለት ዕለት የሚሸከሟት የእመቤታችን ሐውልት እንኳ አበባ ይደረግላታል፤ እኔን ባዶዬን?» ስትዪ ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ መውረድ በፈለግሽ ቁጥር ሰው መጥራት ሆነብሽ፤ ስለዚህ መጥራቱን ተውሽው። ባሕሩን ያየሽው በመስኮት ነው። ልጅሽ ዳይራ፣ ያኔ ገና ትንሽ፣ ማታ ማታ እየመጣች የዋለችበትን ትነግርሻለች። አንቺም «እስቲ ድገሚልኝ፤ ያ ዓሣ ምን ዓይነት ነበር?» ትያታለሽ። ግድግዳው ስስ ነበር፤ እኔና ሚርታ ሁሉንም እንሰማ ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ለሚርታ «ከእንግዲህ ከእናንተ ጋር የትም አልሄድም» አልሻት። አልተቆጣሽም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገርሽው። ለዚህም ነው እውነትሽን መሆኑ የገባኝ።

በኋላ ዳይራ አደገችና ፓርኩን ፓርኩን ማለት ጀመረች። አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ እንዲህ አልሻት፦ «እንሄዳለን። የፓርኩን የማታ ጭፈራ ግን አንቺ አይተሽ አትነግሪኝም። አብረን ነው የምናየው።» ከዚያ ወደ እኛ ዞርሽ። «ቤቱን እኔ እመርጣለሁ። ካልሆነ እኔና ልጄ እዚሁ እንቀራለን።»

አርኑልፎ ሹካውን አስቀመጠ። «ምን ትመርጫለሽ? እኔ አግኝቻለሁ! ኮረብታው አናት ላይ፣ ባለ ገንዳ፣ አገሩ ሁሉ ከታች የሚታይበት!»

«ኮረብታ አናት ላይ ማን ያወጣኛል?»

«እኔ ምን ሆኜ ነው? ጀርባዬ ለምንድነው የተፈጠረው?»

«ጀርባህን ሥጋ ቤቱ ይፈልገዋል። እኔ የምፈልገው ወለል ነው።»

«ከቤተሰብ ተለይተሽ ልታድሪ ነዋ!»

«ማን እንዲህ አለህ? እናንተ ናችሁ እኔ ወዳለሁበት የምትመጡት» አልሽውና ሩዝሽን መብላት ቀጠልሽ። 

በማግስቱ እኔ እንደ ልማዴ ጥያቄዎች አዘጋጅቼ መጣሁ፦ ደረጃ አለ ወይ፣ የለም ወይ፤ በሩ ሰፊ ነው ወይ፣ ጠባብ። አየሽውና ፈገግ አልሽ። «መምህር፣ እኔ ቤት ነው የምፈልገው፣ ፈተና አይደለም። በእኛ አገር እንግዳን እምቢ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ‹ደረጃ አለ ወይ› ብትለው ‹የለም› የሚልህ ደረጃ ስለሌለው አይደለም፤ እንድትመጣለት ስለፈለገ ነው።» የሚያርመኝ ሰው ማግኘት ብርቅ ነበርና ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ስልኩን አነሳሽ፤ እኔም አጠገብሽ ተቀምጬ ሰማሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ ገና ሕመምሽን ነግረሽው ሳትጨርሺ «እመቤቴ፣ እዚህ ጎረምሳ ሞልቷል፣ እንደ ንግሥት እንሸከምዎታለን!» አለሽ። አመስግነሽ ዘጋሽው። ሁለተኛው በእናቱ መቃብር ምሎ ቤቱ ደልዳላ ነው አለ። አንቺም የእጅ ጋሪ እንዲገፋልሽ ጠየቅሽው። ጋሪው እንደ ፍየል ሲዘል እኔ ራሴ ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው ዘዴሽ የገባኝ። አፍ ለእንግዳ ደስ ይበለው ብሎ ይዋሻል፤ ጎማ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ሦስተኛዋ ዶኛ ኤደልሚራ፣ የቡና እርሻ ያላት ወይዘሮ ነበረች።

«እናቴ፣ ቤትዎ ጋሪ አለ?»

«ጋሪ የሌለው የቡና እርሻ የት አለ ልጄ! ምን ልትጭኚበት ነው?»

«እኔን።»

ሴትዮዋ እስክታስል ሳቀች። ሕመምሽን ነገርሻት፤ የነርቭ ሕመም መሆኑን፣ አንድ ቀን እንደሚያስኬድሽ፣ በማግስቱ ዊልቸር ላይ እንደሚጥልሽ፣ ሙቀት ደግሞ ጉልበትሽን ጨርሶ እንደሚጠጣው። ያንን ሁሉ ሰማችሽና «ታዲያ ባዶውን ልግፋው?» አለች።

«ባዶ አይደለሁም። የሆነ ነገር ይጫኑበት።»

«የሙዝ ዘለላ አለ። ወፍራም ነሽ ቀጭን?»

«በአንድ ዘለላ አልገኝም።»

«እሺ፣ ሁለት አደረግኩሽ። ያዢ እንግዲህ፣ መንገድ ጀመርን።»

ጎማው ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ሲወጣ ድምፁ ሲጠፋ ሰማን። ድንገት «ዷ!» አለ።

«እሱ ምንድነው?»

«የቱ?»

«አሁን ዷ ያለው።»

«ኧረ እሱማ ደረጃ አይደለም! ድሮም እዚያው ነው ያለው።»

ስልኩን በመዳፍሽ ሸፍነሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ብዙ አሰብኩበት። ድሮም የነበረ ነገር ለለመደው ሰው አይታይም። ለተማሪዎቼ ይህን በምሳሌ ለማስረዳት ስንት ዓመት ደከምኩ! አንዲት ገበሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፤ አንቺ ነሽ ያስጨረስሻት።

«ዷ» ያለው የወጥ ቤቱ በር ነበር። «እንግዳ ነኝና ወጥ ቤት አልገባም» ብለሽ አለፍሽው። መኝታ ክፍሉ ጸጥ አለ። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ስትደርስ ግን «ጋሪው አለፈ፤ የእጄ ቆዳ ነው የቀረው» አለች። በሩ ጠባብ ነበር። አንቺ ገና ሳትናገሪ፣ «ባሌ ክሪሳንቶ መቃኑን ነቅሎ ያሰፋዋል፤ በበር ፋንታ መጋረጃ እንሰቅላለን» አለች። የመድኃኒት መርፌሽ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፣ ሙቀቱን የሚያባርር የጣሪያ ማራገቢያ፣ ሁሉንም ጠየቅሽ። በመጨረሻም ከፓርኩ በር እስከ እሷ በር ምን ያህል እንደሆነ።

«ዶሮዎቼ ሄደው ይመለሳሉ» አለችሽ።

«ይሄ ነው ቤቱ» አልሽኝ፣ ስልኩን ዘግተሽ። ገንዳ የለውም። አገር የሚታይበት ኮረብታ የለውም። አርኑልፎ «ገንዳ ለሌለው ቤት ከቤቴ ምን አስወጣኝ!» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አጉረመረመ፤ ግን ሻንጣውን አሰረ።

አሁን ሁልጊዜ በዓይነ ሕሊናዬ ወደሚመጣብኝ ቦታ ደረስኩ። ከመኪና ወርደን የእርሻው በር ላይ ስንቆም ምን እንደጠበቀን ታስታውሻለሽ? ዶን ክሪሳንቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ከኋላው አራት ቡና ለቃሚዎች፣ ታጥበው፣ ጸጉራቸውን ቀብተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተሰልፈዋል። መሃላቸው ደግሞ አንድ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር፣ ግራና ቀኙ ቀርከሃ ታስሮበት፣ ጀርባው በቀይ አበባ ተሸልሞ። ዶን ክሪሳንቶ ለካ በሰሙነ ሕማማት ሐውልቶቹን ከሚሸከሙት ማኅበርተኞች አንዱ ነበር። መራመድ የማትችል ሴት እየመጣች ነው ሲባል የሚያውቀውን አደረገ።

ዶኛ ኤደልሚራ ከበረንዳው ሮጣ መጣች። «አንተ ሰው! ቤቱ ደልዳላ ነው እኮ፣ ጋሪ ገፍቼ አይቻለሁ!»

«ደልዳላ ይሁን እንጂ» አላት በኩራት፣ «እንግዳ እንግዳ ነው።»

ሁላችንም ወደ አንቺ አየን። ዳይራ እጅሽን ያዘች። ፊትሽ ላይ ኮቬኛስን አየሁት፤ ያ ደረጃ፣ ያ መስኮት። እምቢ ብትዪ አበባውን ለቅሞ ያሰረውን ሰው ማሳፈር ነው። እሺ ብትዪ ደግሞ ጉዞው ገና በሩ ላይ ማለቁ ነው። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ።

አንቺ ግን ወንበሩን ረጋ ብለሽ ዙሪያውን አየሽው። አበባውን በጣትሽ ነካሽ። «ዶን ክሪሳንቶ» አልሽ፣ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ወንበር አላየሁም። ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ታላቅ ወንድሜ አርኑልፎ ግን ከእኔ ይልቅ ደክሞታል፤ መንገዱን ሙሉ የነዳው እሱ ነው። እሱን ያክብሩልኝ።»

አርኑልፎ ክብር አይጠላም። «እኔን? ይቻላል!» ብሎ ዘጭ አለበት። ቀርከሃው ጮኸ። አራቱ ተያይተው ትንፋሻቸውን ሳቡና አነሱት። መጀመሪያ እንደ ጳጳስ ግራና ቀኝ ሲባርክ ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ሞቱ። ጠጠሩ ላይ ሲደርሱ ወንበሩ ወደ ግራ አዘመመ። አርኑልፎ የአንዱን ለቃሚ ጸጉር ጨበጠ። አንድ ጫማው ወደቀ። ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ ሆዱ ወጣ።

«በቃ፣ አውርዱኝ።»

«ግድ የለም ጌታዬ፣ አይከብዱም!»

«አውርዱኝ እኮ ነው የምላችሁ!»

«አይፈሩ፣ እኛ ለምደነዋል!»

በረንዳው ላይ ከተሰቀሉት የአበባ ማሰሮዎች አንዱ ግንባሩን መታው። አንዱ ልጅ ፎቶ አነሳው። አርኑልፎ መጮኹን ተወ። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አልጋው ድረስ እንደ ሐውልት ሄደ።

እኔ ግን እሱን ሳይሆን አንቺን ነበር የተከተልኩት። ዊልቸርሽን በገዛ እጅሽ እየገፋሽ ከጠጠሩ ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ ክፍልሽ፣ መጋረጃውን ገልጠሽ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ሄድሽና ተመለስሽ። ጎማው ወለሉ ላይ ምንም ድምፅ አልነበረውም። እንዲያው ውሃ ላይ እንደሚሄድ ነገር። ተመልሰሽ «እጄን ታጠብኩ» ብቻ አልሽን። ለአንቺ ያ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር እጅሽን ታጥበሽ እስክትመለሺ ድረስ እኔም አልገባኝም ነበር።

ማታ ሳንኮቾ የሚባለው የሥጋ ሾርባ ተቀድቶ አርኑልፎ ማንኪያውን አላነሳም።

«ኖራ።»

«አቤት።»

«ኮቬኛስ ላይ ‹አውርደኝ› ብለሽኝ ነበር አይደል?»

«ብዬህ ነበር።»

«የምትቀልጂ መስሎኝ። ስትስቂ ነበር እኮ።»

«ሳቅሁ እንጂ። አየር ላይ ሆኜ ሌላ ምን ላደርግ?»

ግንባሩ ላይ ያበጠውን ዳሰሰ።  አንቺም የድል ንግግር አላደረግሽም፤ ከሾርባሽ ውስጥ ትልቁን ሥጋ አውጥተሽ እሱ ሳህን ላይ አኖርሽለት። ይህን ያየነው እኔና ሚርታ ብቻ ነን።

በማግስቱ ፓርኩ ውስጥ ጠዋቱን ከልጆቹ ጋር በባቡሩ ዞርሽ። ሰልፍ ላይ ከዊልቸሩ ተነስተሽ ለዳይራ ኮፍያ ስታስሪላት አንዲት አሮጊት አማትባ «ድንግል ማርያም! ተነሳች!» ብላ መጮኋን መቼም አትረሺውም። «አይዞዎት እናቴ፣ ተመልሼ ልቀመጥ ነው» አልሻት። ሴትዮዋ ቅር ሲላት አየሁ፤ ተአምሩ አጥሮባት ነው።

ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ፊትሽ ተለወጠ። «እኔ ልሂድና ልተኛ፤ ለጭፈራው እመለሳለሁ» አልሽ። አርኑልፎ ብድግ አለ፤ እጁ የዊልቸሩን መያዣ ሊነካ ሲል ቆመ። እጁን ኪሱ ከተተ።

«ልግፋሽ?»

«አሁን ራሴ እሄዳለሁ። ማታ ስመለስ ግፋኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀሽ ያኔ ነው። ኮረብታው አናት ላይ ያለውን ቤት መርጠን ቢሆን ኖሮ አንዴ ከወጣሽ ያ ቀን እንዳለቀ ይቀር ነበር። የዶኛ ኤደልሚራ ቤት ግን ቅርብ ስለነበር ቀንሽን ለሁለት ከፈልሽው፤ ማራገቢያው ሥር ተኝተሽ ጉልበትሽን መለስሽ። ዶሮዎቹ የሚያውቁትን መንገድ ይዘሽ መጣሽ። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሰፊ ቀሚስ የለበሱት ሴቶች እየተሽከረከሩ ሲወጡ ዳይራ ከፊትሽ መሬት ላይ፣ ጀርባዋን ጉልበትሽ ላይ አስደግፋ ተቀምጣ ነበር። እኔ ጭፈራውን ብዙም አላየሁትም። እናንተን ነበር የማየው።

ራት ላይ ዳይራ እንደ ልማዷ እየሮጠች መጣች። «እማዬ፣ እማዬ፣ ያቺ ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ስትዞር አበባዋ ወድቆ...» አለችና አፏን ከፍታ ቀረች። ትንሽ አሰበች። «ለካ አንቺም አይተሻል!»

«አይቻለሁ» አልሻት። «ግን በግራ ነው በቀኝ የወደቀው?»

ቁጭ ብላችሁ ተከራከራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውን የምትነግርሽ ሳይሆን የምትከራከርሽ ልጅ ሆና አየኋት። ያን ማታ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ «ጥሩ ቤት ነው የመረጥሽው» ብቻ ብዬ ተኛሁ። እኔ ከሰጠሁት ማርክ ሁሉ የቆጠብኩት ያንን ነው። አሁን ሙሉውን ልስጥሽ፦ ኖራልባ፣ ከአንቺ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም።

ዶኛ ኤደልሚራ አሁን ከተማ ገብታ ትኖራለች፤ ልጆቿም ቤቱን አያከራዩም። ለዚህ ነው የማላውቀው ሰው ጋ የደወልኩት። ዶን ኤውስታኪዮ ይባላል። ግራ እየተጋባ ገፋልኝ። የክፍሉ ደፍ ላይ «ዷ!» አለ። «እሱ ምንድነው?» ብለው «የቱ? ኧረ እሱ ድሮም ያለ ነው» አይለኝም! ሚርታ ምን ነካህ ብላ እስክትመጣ ድረስ ሳቅሁ። ደፍ ላይ እግሬ ከመሬቱ ጋር እንደሚሰፋ ነገርኩት፤ መሸከም እንደማልፈልግም ነገርኩት። «እስቲ ይቆዩኝ» ብሎ ዘጋ። በቃ፣ ሌላ ቤት ልፈልግ ነው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ራሱ ደወለ። «መምህር፣ የደፉን ድንጋይ አወጣሁት፤ በሲሚንቶ ደልድዬዋለሁ። ስልኩን ይያዙ፣ ልግፋልዎት።» አርኑልፎም አጠገቤ ነበር፤ ሁለታችንም ጆሯችንን አንድ ስልክ ላይ አደረግን። ከውጭ በር ጀመረ። በረንዳ። ክፍል። መታጠቢያ ቤት። ኖራልባ፣ ምንም አልሰማንም። እንዲህ የሚያስደስት ምንም ሰምቼ አላውቅም።

ከእኛ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ክፍል ለአንቺና ለዳይራ አስይዤዋለሁ። አንቺ ካለሽበት ከማኒሳሌስ ሩቅ አይደለም። ማቀዝቀዣ አለው፤ ጣሪያው ላይም ማራገቢያ። ኑና የዚህን ዓመት ጭፈራ አብረን አይተን እንከራከር።

ሚርታ ትስምሻለች። አርኑልፎ ደግሞ ይህን ጨምርልኝ ብሎ ቆሞብኛል፦ «እኔ በገዛ እግሬ ነው የምገባው በላት፤ አበባም እንዳታሠሪልኝ።»

ሥራሽን ሳያርም የሚያደንቅሽ የእህትሽ ባል፣
ሊሳንድሮ
ቱሉዋ